የተደበቁት ብርድ ልብሶች

ልደታ ሰፈር ውስጥ ሠርካዲስን የሚያውቅ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ምላሷን ነው። ስትቆጣ ድምጿ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ረጅም ቤት ተነስቶ ጌጃ ሰፈር ድረስ ይሰማል ይሏታል። ይህ እንኳ ሐሜት ነው፤ ጌጃ ሰፈር የሚደርሰው ነፋስ ሲያግዛት ብቻ ነው። ደግሞም ምላሷን አንስቶ እጇን የሚረሳ ሰው ግፍ ይሆንበታል። ሠርካዲስ ማታ ማታ፣ እራት ከመቅረቡ በፊት፣ የአሥራ አንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እግር ለብ ባለ ውሃ ታጥብ ነበር። ጥፍር ትቆርጣለች፣ ሙጀሌ የገባበትን ጣት በመርፌ እየፈለቀቀች ታወጣለች፣ ቅቤ ከተገኘ በቅቤ፣ ካልተገኘ በቅባ ኑግ ተረከዛቸውን ታሻለች። ይህን ሁሉ ስትሠራ ደግሞ አፏ አያርፍም። «ይህ እግር ነው ወይስ የድንች ማሳ?» ትላለች። እግሩ የማን እንደሆነ ግድ የላትም።

የተወለደችው ቡልጋ ነው። ገና ኮረዳ ሳለች አጎቷ አዲስ አበባ አምጥቶ ባላምባራስ ጋሻው ቤት ወጥ ቤት አስገባት። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ባሏ ደግ ሰው ነበር፣ ጥፋቱ ቶሎ መሞቱ ብቻ ነው። ልጅ አልወለደችም። ለምን ተብላ ስትጠየቅ፣ «እግዜር አፌን አይቶ ለልጁ አዘነለት» ትላለች። ሰው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ከዚያ አንድ ነገር የረሳች ይመስል ወደ ጓዳ ትገባና ትንሽ ቆይታ ትወጣለች።

ባላምባራስ ጋሻው ለነፍሳቸው ብለው ያንን ረጅም የጭቃ ቤት ሠርተው፣ ቆርቆሮ አልብሰው፣ ጧሪ ያጡ ሰዎችን ሰበሰቡበት። ጦርነቱ መጥቶ ወደ ሰሜን ሲዘምቱ በበቅሏቸው ላይ እንዳሉ ሠርካዲስን ጠሯት።

«ሠርካዲስ፣ ሽማግሌዎቼን አደራ።»

«ይሂዱ ጌታዬ፣ እኔ አለሁ» አለች።

ባላምባራስ በዚያው ቀሩ። ዘመዶቻቸው መጥተው ከብቱን፣ ምንጣፉን፣ የነሐሱን ዕቃ ተካፈሉ። ረጅሙን ቤት ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሽማግሌ የሚወርስ ወራሽ ከየት ይመጣል? አደራው የወጥ ቤቷ ሆኖ ቀረ። ሠርካዲስም ምላሰኛ ቢሏት፣ ቁጡ ቢሏት አይከፋትም፤ አደራ በላ ከሚሏት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

አሥራ አንዱን ሁሉ እናውራ ብንል መሽቶ ይነጋል፤ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያዋ እማማ ወለተሰንበት ናቸው። ልደታ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ሠላሳ ዓመት ለምነዋል፤ የለማኞቹ ሁሉ አለቃ እሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል። «የለኝም! ዘመድ የለኝም! ከእግዜርና ከእናንተ በቀር ሰው የለኝም!» ብለው ድምፃቸውን ሲያወጡ አልፎ የሄደ ምእመን ተመልሶ ይመጣል። ባለፈው ዓመት የካቲት ጣሊያን ከተማውን ሲያነድ የእሳቸውም ጎጆ አብራ ነደደች። ሰው በካሚዮን እየተጫነ በሚሄድበት በዚያ ቀን ሠርካዲስ እጃቸውን ጎትታ ወደ ረጅሙ ቤት አስገባቻቸው። ታዲያ ይህችን ያወጣቻቸውን ሴት «አንቺ ሴትዮ» ይላሉ እንጂ አንድ ቀን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ወጡም ጥሟቸው አያውቅም። «ጨው የለውም» ይላሉ። ሲጨመርላቸው «አሁን ደግሞ ጨው ሆነ» ይላሉ።

ሁለተኛው አባባ ከሊፋ ናቸው፤ ሰንጋ ተራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያሻሻጡ ደላላ። ሠርካዲስ ለእሳቸው ለብቻዋ የምትሰቀል ትንሽ ድስት አላት፤ ሥጋ በተገኘ ቀን በእስላም እጅ የታረደውን ፈልጋ በዚያች ታበስልላቸዋለች። ሦስተኛው ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ተክለጻድቅ ናቸው። እሳቸው ሐሰት አይናገሩም። እውነቱ የሚያጣላ ሲመስላቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ዝም ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ምጽአትም ቢመጣ አይገለጡም።

ሰኔ ሲገባ አንድ ቀን ጴጥሮስ መጣ። ጴጥሮስ ከከምባታ የመጣ ካቶሊክ ነው። ከሚሲዮን ቋንቋ ተምሮ ለጣሊያን ጤና ሹሞች ያስተረጉማል፤ ሰፈሩ በዚህ ቢጠረጥረውም ሠርካዲስ ግን ሽሮዋን ሲበላ ዓይኑ የሚያነባውን ሰው ክፉ ነው ብላ ማመን አልቻለችም።

«እትዬ ሠርካዲስ፣ ነገር መጥቷል» አላት። «አንድ ሐኪም ተሹሟል። ሽማግሌና በሽተኛ የሰበሰበ ቤት ሁሉ እየዞረ ያያል። ለእያንዳንዱ ሰው አልጋ አለ ወይ፣ ብርድ ልብስ አለ ወይ፣ ምግቡ ይበቃል ወይ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ ይላል። ያልተስማማውን ይዘጋዋል።»

«ሰዎቹስ?»

«በካሚዮን ተጭነው ከከተማ ውጭ ወደተተከለው ድንኳን ይሄዳሉ።»

«በዚህ ክረምት? ሽማግሌ ድንኳን ውስጥ?» ሠርካዲስ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ለምን ገደል አይከቷቸውም? እሱ ይፈጥናል።»

«የመጣሁት ቀድመሽ እንድትሰናጂ ብዬ ነው እትዬ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጌጃ ሰፈር ባለሱቆች ይመስክሩ። ሠርካዲስ ብቅ ስትል መዝጊያ መግፋት ጀምረው ነበር። የቤቷ ብርድ ልብሶች አልቀው ወንፊት መስለዋል፤ ስለዚህ በየደጁ እየቆመች፣ አንዱን በባላምባራስ ነፍስ፣ አንዱን በነቢዩ፣ አንዱን ደግሞ በቃ በጩኸት አሸንፋ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ አንዳንድ አዲስ ብርድ ልብስ ሰበሰበች። ግድግዳውን ኖራ ቀባች። ጠፍር አልጋዎቹን አወጣች፣ በፈላ ውሃ ቀቀለቻቸው ማለት ይቀላል፤ ትኋኖቹ የሚያዝንላቸው ጠፋ። ሽንት ቤቱን አመድ ነሰነሰችበት። ሁሉንም አሰናዳች፤ አንድ ነገር ብቻ አላደረገችም። ለሽማግሌዎቹ የሚመጣው ሰው ለምን እንደሚመጣ አልነገረቻቸውም።

እንዴት ትንገራቸው? ካሚዮን የሚለው ቃል ሲነሳ እማማ ወለተሰንበት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ፣ «ነገ ትልቅ ሰው ኑሯችሁን ሊያይ ይመጣል፣ እንዳታሳፍሩኝ» ብላ ብቻ ተወችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እሷም ትሰማ ነበር፤ ግን ተረቱ ለእሷ የተነገረ አልመሰላትም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በየአልጋቸው ላይ አስቀምጣ፣ ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አጥፋ አኑራ፣ እንግዳውን ልትቀበል ወደ መንገዱ ወጣች። እሷ ከደጅ እንዳለፈች እማማ ወለተሰንበት ተነሱ። የተናገሩትን ሠርካዲስ የሰማችው በኋላ ነው።

«ስሙኝማ» አሉ። «ትልቅ ሰው የድሃ ኑሮ ሊያይ የሚመጣው ለምንድን ነው? ሊሰጥ ነው እንጂ! ለሚሰጥ ሰው ደግሞ ሙሉ እጅ አይዘረጋም። ሠላሳ ዓመት ስለምን አንድ የጥምቀት ዕለት አዲስ ነጠላ ለብሼ ወጣሁ፤ ባዶ እጄን ገባሁ። እንዲህ አምሮብን ቢያገኘን ምን ብሎ ይሰጠናል?»

«ዋላሂ እውነት ነው» አሉ አባባ ከሊፋ። «ሰንጋ ተራ ቀረጥ ተቀባይ ሲመጣ የሰባውን በሬ ከኋላ፣ የከሳውን ከፊት እናቆም ነበር። ጣሊያን ደግሞ አዲስ ብርድ ልብስ ቢያይ ለወታደሩ ይወስደዋል።»

«ይህ ሐሰት ነው» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲያው እርስዎ አይናገሩ!»

«አልናገርም» አሉና ተከናነቡ።

«ሴትዮዋስ ብትቆጣ?» አለ ከወዲያ አንዱ።

«እሷ ለእኛ ስትለምን ጫማዋ አለቀ» አሉ እማማ ወለተሰንበት። «ዛሬ እኛ እንለምንላት። ይህን ደግሞ ከእሷ የበለጠ እናውቅበታለን።»

ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። አዲሶቹ ብርድ ልብሶች ተሰብስበው በአባባ ከሊፋ ፍራሽ ሥር ተነጠፉ፤ ሽማግሌው ከፍራሹ ላይ ወጥተው ሲተኙ አፍንጫቸው ጣራውን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ሠርካዲስ ለመወልወያ ያስቀመጠችው ብጭቅጫቂ ጨርቅ ሁሉ ከማዕዘን ወጥቶ በየትከሻው ተጣለ። ጨዋ የነበረው ቤት ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የልደታ ዓመታዊ በዓል ዋዜማ ደጀ ሰላም መሰለ።

ሐኪሙ በመኪና መጣ። ቀጭን፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ፣ በየደቂቃው የሚያስነጥስ ሰው ነው። ሠርካዲስ እጅ ነሳችና ጴጥሮስን በዓይኗ ሰላም ብላ ፊት ፊት ሄደች። ልቧ ሞልቶ ነበር። «ይግቡ ጌታዬ፤ አልጋ እንደሆነ ለየራሳቸው፣ ብርድ ልብስ እንደሆነ ለየራሳቸው...» እያለች በሩን ከፈተችው።

በሩን እንደያዘች ቀረች።

«ስለ ልደታ!» የሚል ድምፅ ከአንዱ አልጋ ተነሳ። «ስለ እናቱ!» አለ ሌላው። ሁሉም አንድ ላይ አቃሰቱ። በመካከል እማማ ወለተሰንበት እንደ አለቃ ተቀምጠው፣ ያ ሠላሳ ዓመት የሠራ ድምፃቸው ወጣ። «የለኝም ጌታዬ! ብርድ ልብስ የለኝም! እራት የለኝም! ሰው የለኝም!» አባባ ከሊፋ ከጣራው ሥር ሆነው ሳል ጨመሩበት፤ ሳሉ ግን ከመሳቅ ጋር ይታገል ነበር።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሠርካዲስ ብርድ ልብስ ያጡትን አልጋዎች አየች፣ የለበሱትን መወልወያ አየች። «እማማ ወለተሰንበት! ብርድ ልብሱ የት ሄደ?» አለች።

«የቱ ብርድ ልብስ አንቺ ሴትዮ?» አሉና እማማ አንድ ዓይናቸውን ጠቀሷት። ዝም በይ፣ ሥራዬን ልሥራ ማለታቸው ነው። ያቺ ምላሰኛ ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት።

ሐኪሙ አስነጠሰና ለጴጥሮስ አንድ ነገር ተናገረ። ጴጥሮስ ፊቱ ጠቆረ። «ተናገር እንጂ» አለችው።

«ይዘጋል ይላል። ከሰዓት በኋላ ካሚዮን ይልካል።»

ካሚዮን የሚለው ቃል ሲሰማ ማቃሰቱ በአንድ ጊዜ ቆመ። የእማማ ወለተሰንበት እጅ ከዘረጉበት ሳይመለስ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሊሰጥ አይደለም የመጣው!» አለች ሠርካዲስ። ድምፅዋ ተመልሶላታል፤ እንባ ግን አብሮት መጣ። «በወጉ ያልተያዘ ሽማግሌ ያገኘበትን ቤት ሊዘጋ ነው! ድንኳን ሊያገባችሁ ነው! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ ጉድ ሠራችሁኝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይናገረው! አባባ ከሊፋ ከጣራው ሥር ዘለው ወረዱ፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት የሞት አፋፍ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። ፍራሹ ተገለበጠ፣ ብርድ ልብስ በየአቅጣጫው በረረ። «ይኸው! አለን! ሁሉም አለን!» እያሉ ያገኙትን እየደረቡ ተጠቀለሉ። አንዷ አሮጊት ጠግባ እንደምትኖር ለማሳየት ክንዷን ገልጣ ሐኪሙ አፍንጫ ሥር አቀረበችለት።

ሐኪሙ አንዱን ብርድ ልብስ አንስቶ አሸተተው፤ ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«አዲስ ነው፣ ገና ሱቅ ሱቅ ይሸታል ይላል» አለ ጴጥሮስ ቀስ ብሎ። «ለእኔ ሲባል ትናንት የመጣ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ነው እውነቱ፣ ይህ ቲያትር ነው ይላል።»

ብርድ ልብሱ እውነትም የሰሞኑ ነው። ሐኪሙ ጓንቱን እያስተካከለ ወደ በሩ ዞረ። መንገዱ ላይ አባባ ከሊፋ ቆመው ነበር፤ በጥድፊያ ዘለው የወረዱ ስለሆነ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ሐኪሙ ሊገፋቸው እጁን አነሳና ዓይኑ ወደ ታች ሄደ። ቆመ። ከዚያ ተቀምጦ የሽማግሌውን እግር ብድግ አደረገው።

«ኧረ እኔ ሰንጋ አይደለሁም!» አሉ አባባ ከሊፋ። «ከብት ስንገዛ እንኳ የምናየው ጥርሱን ነው!»

ሐኪሙ አልሰማቸውም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቀ፣ ተረከዙን ጫን ጫን አደረገ። ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። የሁሉም ጥፍር ተቆርጧል። የሁሉም ተረከዝ ለስልሷል። በዚያ ዘመን ድሃ ሽማግሌ ጣቱን ሙጀሌ ካልበላው የቱ ድሃ ነው? እዚህ ግን አንድም ሙጀሌ የለም፤ የድሮው ጠባሳ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ድኗል። ጨርቃቸውን ቀይረው፣ ብርድ ልብሳቸውን ደብቀው፣ እግራቸውን መደበቅ ግን ለማንም አልታሰበም። ማታ ማታ የሚታጠብ እግር ሀብት ነው ብሎ የቆጠረ አልነበረም።

«ይህን ማን ነው የሚሠራው ይላል» አለ ጴጥሮስ፤ ድምፁ ነፍስ ዘራ።

የሁሉም ጣት ወደ ሠርካዲስ ተቀሰረ።

ሐኪሙ ተነስቶ አያት። እግር በአንድ ቀን እንዲህ አይሆንም አለ። ሠርካዲስ ተመስገን ልትል አፏን ስትከፍት ሌላ ጥያቄ መጣ። የቤቱ ባለቤት ሞተዋል፤ ቤት ያለ ተጠያቂ ሊተው አይችልም፣ ለእነዚህ ሰዎች ኃላፊ ሊሆን የሚችለው ዘመድ ብቻ ነው። «አንቺ ምናቸው ነሽ ይላል» አለ ጴጥሮስ።

ሠርካዲስ መሬት መሬት አየች። ምናቸውም አይደለችም። ወጥ ቤት ናት፤ ያውም የሟች ሰው ወጥ ቤት። ዘመዶቹ ዕቃውን ተካፍለው የሄዱበት ሰው አደራ ዘመድ ያደርጋል ብትለው ይህ ሐኪም ይገባዋል? «እኔማ...» ብላ ጀመረች።

«አለኝ!»

እማማ ወለተሰንበት ነበሩ። ቆመው ነበር። ድምፃቸው ግን ያ የደጀ ሰላሙ አልነበረም፤ ከዚያ ያነሰ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ነው። «ቅድም ሰው የለኝም ያልኩት ለልመና ነው ጌታዬ። ሠላሳ ዓመት ያልኩት ስለሆነ አፌ ለምዶት ነው። ሰው አለኝ። ይህች ልጄ ናት።»

ሠርካዲስ ቀና አለች።

«የእኔም ልጅ ናት» አሉ አባባ ከሊፋ፣ ብርድ ልብሳቸውን እንደ ካባ ደርበው።

ሐኪሙ አንዴ አሮጊቷ አንገት ላይ ያለውን ማተብ፣ አንዴ የሽማግሌውን ቆብ አየ። እንዴት ነው የሁለቱ ልጅ የምትሆነው ብሎ ጠየቀ። «እዚህ አገር ይቻላል» አለ ጴጥሮስ፣ የሽማግሌዎቹን መልስ ሳይጠብቅ ከራሱ እየመለሰ። ሐኪሙ ግን አላመነም። ከቤቱ ጥግ ተከናንበው ወደተቀመጡት ወደ መሪጌታ ተክለጻድቅ ጠቆመ። እኚህስ ምን ይላሉ አለ።

ሁሉም ወደ ጥጉ ዞረ። እሳቸው ሐሰት እንደማይናገሩ ሁሉም ያውቃል፤ ሠርካዲስም ታውቃለች። ይከናነባሉ እንጂ አይዋሹም። መሪጌታ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ አወረዱ።

«ልጄ ናት» አሉ።

ሐኪሙ በየትኛው እንደተሸነፈ አይታወቅም፤ በሽማግሌዎቹ እግር ይሁን፣ ወይስ ኖራው አፍንጫውን ነክቶት መውጣት ብቻ ፈልጎ ይሁን። አስነጠሰ፣ «ይቆይ» አለ፣ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ጴጥሮስ ከኋላው ሲሮጥ ዞር ብሎ ለሠርካዲስ እጅ ነሳ። ካሚዮኑም በዚያ ቀን አልመጣም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ጣሊያን ራሱ ተጠቅልሎ ሲወጣ ረጅሙ ቤት ቆሞ አየው።

በዚያ ቀን የሠርካዲስ ቁጣ ያለ ነፋስ እርዳታ ጌጃ ሰፈር እንደደረሰ የሰሙ ይናገራሉ። መወልወያዋን ከየትከሻው እየገፈፈች፣ «የእኔ ለማኞች! የእኔ ጉዶች!» እያለች ስታለቅስም ስትስቅም ዋለች። ሲመሽ ግን እንደ ልማዷ ውሃ አሙቃ መጣች። ከእማማ ወለተሰንበት እግር ጀመረች። ሁለቱም ስለ ጠዋቱ ነገር አላነሱም። እግሩ ታጠበ፣ ተቀባ፣ እራት ቀረበ።

እማማ ጎረሱ፣ አላመጡ።

«ሠርካዲስ» አሉ።

እጇ ቆመ። በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

«አቤት እማማ?»

«ወጡ ዛሬም ጨው የለውም።»

«ኧረ እኔን! ላምጣ» አለችና ተነሳች። ጨው ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጨዉ በሩ አጠገብ ቢሆንም፣ ትንሽ ቆይታ ወጣች።